የታመመው ግቢ

ድሬዳዋ የገባን ቀን ባሌ ጀርባው ላይ የተሸከመው ብርድ ልብስ ነበር። እናቴ "ሙሽሮች ብርድ እንዳይመታችሁ" ብላ የሰጠችንን ወፍራም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ሻንጣ አልበቃ ቢለን በገመድ ጠፍረን ይዘነው መጣን። ከመናኸሪያው ወጥተን ባጃጅ ስንይዝ ሹፌሩ ጭነቱን ዳበስ ዳበስ አደረገና ባሌን አየው።

"አቦ፣ ይሄን ልትሸጠው ነው?"

"አይ፣ ልንለብሰው ነው።"

ልጁ እስከ ተከራየንበት ቤት ድረስ ብቻውን እየሳቀ ነዳን።

የመጣነው ለባሌ ሥራ ነው። ደብረ ብርሃን ሳለን ከጋራዥ ጋራዥ ሲንከራተት የኖረ ሰው፣ እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። የደንብ ልብስ ለብሶ ሰርቪስ መጠበቅ ሲጀምር አንገቱ ሁሉ የረዘመ መሰለኝ። ደስ አለኝ፤ ግን እኔ ወሬ የምወድ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ መዋል አልችልም። ስለዚህ ገና ዕቃ ሳንፈታ ነገርኩት።

"የማወራው ሰው ካገኘሁ እኖራለሁ። ካላገኘሁ ግን ወደ እናቴ እመለሳለሁ። አንተ ከማሽንህ ጋር አውራ።"

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ግቢው የአዴ ነው። ስማቸውን የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ትልቁም ትንሹም አዴ ነው የሚላቸው። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱ፣ በመሀል ዓረብኛ ጣል የሚያደርጉ፣ ደርባባ ሴት ናቸው። ከእሳቸው ክፍል ቀጥሎ ኢዶ አለች። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የሁላችንም አክስት ነበረች። በግቢው በር ላይ ባለች ሱቋ ዘይት፣ ሩዝና ፓስታ ትቸረችራለች። ሦስተኛው ጎረቤት ጋሼ ናቸው። ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ያረፈችባቸው፣ ክፍል እያላቸው ግቢው መሀል ካለችው የኒም ዛፍ ሥር የሚኖሩ። ከዛፏ አጠገብ የግቢው ብቸኛ ቧንቧ ቆማለች። እሷ ደግሞ ደስ ሲላት ትመጣለች፣ ሲከፋት ሳምንት ትጠፋለች።

ባሌ በጠዋት ፈረቃ ስለሚሠራ የሚለቀቀው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሲመጣ ትኩስ ነገር ይጠብቀው ብዬ ዳቦ ጋገርኩ። በዚያ ሙቀት ዳቦ መጋገር ምን ማለት እንደሆነ ድሬ የኖረ ያውቀዋል፤ ከሊጡ ቀድሜ እኔ ኩፍ አልኩ። ነፋስ ልቀበል ብዬ ብቅ ስል ጋሼ በሽርጥና በካኔቴራ ፍራሽ ላይ ተዘርረዋል። አፋቸው ተከፍቷል። አንድ ክንዳቸው ከፍራሹ ወርዶ አፈሩ ላይ ወድቋል።

እኔ ባደግኩበት አገር በጠራራ ፀሐይ የሚተኛው የታመመ ሰው ብቻ ነው። አባቴ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም ቢል ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቀው መጥቶ፣ እናቴ ጠላ ስትቀዳ ነው የዋለችው። ስለዚህ ጋሼን ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ።

"ጋሼ! ጋሼ! ምን ነካዎት?"

ብድግ አሉ። "ምንድነው? የደቻቱ ወንዝ ሞላ?"

"ኧረ አልሞላም። የት ጋ ነው የሚያምዎት?"

ዛፏን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ራሳቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ። "የትም" አሉ።

አላመንኳቸውም። የእኛ አገር ሽማግሌ መቼ አመመኝ ይላል? ሮጬ ገብቼ ዳቦ በሳህን አመጣሁላቸው። ለሌሎቹም ልንገር ብዬ የአዴን በር ባንኳኳ ስንት ጊዜ ቆይተው ሻሻቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ፤ ዓይናቸው ደም መስሏል። ኢዶም ጉንጯ ላይ የትራሱ ጥልፍ ታትሞባት፣ ግድግዳውን ተደግፋ ከፈተችልኝ። ሱቋም ተዘግቷል። መንገዱን ባየው ውሻ እንኳ አይላወስም። ለሁለቱም "እግዜር ይማርሽ፣ እግዜር ይማርዎ" እያልኩ ዳቦ በሳህን አስታቀፍኳቸውና ተመለስኩ።

ባሌ ሲመጣ ከበር ተቀበልኩት።

"የተከራየነው ግቢ ሙሉው ታሟል።"

"ማን ታመመ?"

"ሁሉም። ተዘርረዋል።"

አሰበና "ወባ ነዋ፣ ቆላ አይደለም እንዴ?" አለ። ፀሐይዋ በረድ ስትል ግን ሦስቱም ከየቤታቸው ወጡ። አዴ እየተሳሳቁ ሻይ ሲያፈሉ፣ ኢዶ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር፣ ጋሼ ካርታ ሲጫወቱ ሳይ ተገረምኩ። ባሌ አልተገረመም። "ወባ እንዲህ ነው፤ ሰዓት ጠብቆ ነው የሚነሳው። ነገ በዚሁ ሰዓት ታያቸዋለሽ" አለኝ። እውነትም በማግስቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን አገረሸባቸው። እሱም ወዲያው ሄዶ አጎበር ገዛ።

እኔ ደግሞ ታማሚ መጠየቁን ተያያዝኩት። ዳቦው ከምድጃው እንደወጣ በየሳህኑ አድርጌ በር ለበር እዞራለሁ። ጋሼን እቀሰቅሳለሁ፣ ግንባራቸውን እዳስሳለሁ። ግንባራቸው ይሞቃል! ድሬ ላይ የማይሞቅ ግንባር እንደሌለ የሚነግረኝ ማን ነው?

"ዛሬስ እንዴት ነዎት አዴ?"

"ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ? ደህና ነሽ? ምንም አልሆንሽም?"

"እኔ ምን እሆናለሁ፤ ይተኙ ይተኙ፣ አይነሱ።"

"ተኝቼ ነበር እኮ" ይሉና ሳህኑን ተቀብለው በሩን ይዘጋሉ።

እንዲህ እየሆነ ሳህኖቼ አለቁ። ዳር ዳራቸው ሰማያዊ አበባ ያለባቸው የሠርጌ ሳህኖች ናቸው። እኛ ሰፈር ሳህን በሄደበት ቀን ታጥቦ ይመለሳል፤ ሲመለስም ወሬ ይዞ ነው፣ ትንሽ ቁጭ ይባላል። እነዚህኞቹ ግን ገብተው ቀሩ። ሳህን የሚመልስ ቀርቶ በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ። በመጨረሻ እኔና ባሌ በድስት ክዳን መብላት ጀመርን። ክዳኑ መሀሉ ላይ ጉብታ ስላለው ወጡ ወደየዳሩ ይሸሻል፤ ባሌ ከእሱ በኩል የመጣውን ጠርጎ ይበላና "እድሌ ነው" ይላል።

አንድ ቀን ሱቅ ስሄድ አዴና ኢዶ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በሶማሊኛ ያወራሉ። እኔ የለየሁት "ዳቦ" የምትለዋን ብቻ ነው። ሳቁ። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። የሄድኩበትን ዕቃ ረስቼ ተመለስኩና አጎበሩ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ማታ ለባሌ "ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ መናኸሪያ ታደርሰኛለህ" አልኩት። ይሄኔ አልሳቀም። "እስኪ ትንሽ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ በገመድ ሲያስርልኝ ገመዱን ሦስቴ ፈታው። ልቤ እንዳይራራ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ቅዳሜ ሻንጣዬን በር ላይ አቁሜ ጠበቅኩት። ስምንት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ሳህኖቼንማ ትቼላቸው አልሄድም። ሄጄ የአዴን በር አንኳኳሁ። ዝም። የኢዶን አንኳኳሁ። ዝም። ተናደድኩና ቧንቧዋ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። በዚህ መሀል ቧንቧዋ ሳለች። ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው እህ እህ አለችና ቀይ ውሃ ተፋች፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ መጣ።

ውሃ ከጠፋች ሳምንት አልፏት ነበር። በየበሩ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ይጠብቃል። ኩርፊያዬ ጠፋብኝ፤ ብድግ ብዬ ጮህኩ።

"ውሃ! ቢሻን! ቢዮ!" በዚህ ከተማ መጀመሪያ የሚማሩት ውሃን በሦስቱም ቋንቋ መጥራት ነው።

ማንም አልተነሳም። ጋሼን ወዘወዝኳቸው። ዓይናቸውን ሳይከፍቱ እጃቸውን አነሱ።

"ተሽሎኛል ልጄ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጨርሶ ተሽሎኛል!"

"ጋሼ፣ ውሃ መጣ!"

"ውሃም ጠጥቻለሁ!" ብለው ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

የአዴን በር ደበደብኩ። "ደህና ነኝ ደህና ነኝ!" አሉ ከውስጥ። የኢዶን ስደበድብ ደግሞ "ዋላሂ አላመመኝም፣ ሂጂ ተኚ!" የሚል ድምፅ መጣ።

ምን ላድርግ? ልተወው ብል ደግሞ ዓይኔ እያየ ውሃው ሊፈስ ነው። የአዴን ጀሪካን ጎትቼ ቧንቧዋ ሥር ደቀንኩ። በዚህ መሀል ባሌ ደረሰ። ሻንጣዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ልብሱን ለውጦ በሽርጥ ወጣና ምንም ሳይጠይቅ ማመላለስ ጀመረ። ጀሪካኑ ሲያልቅ በርሜል ሞላን። በርሜሉ ሲያልቅ ባልዲ፣ መታጠቢያ ሳፋ፣ የጋሼን የሻይ ጀበና፣ ለአዴ ፍየል ውሃ የሚሰጥበትን ቆርቆሮ ሁሉ ሞላን። ከሱቁ ጎን የተቀመጠ አንድ የኢዶ ጀሪካን ሲከብደኝ ትንሽ ውሃ ቀርቶበት ነው ብዬ ደቀንኩት። ሊሞላ ሲል ቢጫ ነገር ወደ አፉ ወጣ። ዘይት ነበር።

ድርቅ ብዬ ሳለሁ ከወደ ጋሼ በር የባሌን ጩኸት ሰማሁ። በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን ተሸክሟል።

"ያዢልኝ! ቶሎ ያዢልኝ!"

"የትኛውን? የቀኙን?"

"ጀሪካኑን አይደለም፣ ሽርጡን!"

ሽርጥ ማሰር ገና አልለመደም ነበር። ደርሼ አልያዝኩለትም፤ ሳቅ አሸንፎኝ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። አዴ በራቸውን የከፈቱት ልክ ሽርጡ መሬት ሲነካ ነው። "ያ አላህ!" ብለው ሲጮሁ ኢዶም ወጣች፣ ጋሼም ፎጣውን ከፊታቸው ገፈፉ። ባሌ ቁጭ ብሎ በሁለቱ ጀሪካን መሀል ተሸሸገ።

ቧንቧዋም ያን ጊዜ ጠብ ጠብ ብላ ቆመች።

ሦስቱም ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩ። ባዶ ዕቃ የለም። ጋሼ የሻይ ጀበናቸውን ክዳን ከፍተው "ይሄንንም?" አሉ።

ዘይቱን ቀድሜ ለኢዶ ነገርኳት። ቀረበችና ጀሪካኑን አዘንብላ አየችው።

"ሀየ" አለች። "ኢዶ ዘይት ላይ ውሃ ትጨምራለች እያሉ ያሙኝ ነበር። ይኸው፣ አሁን ከሐሜት አወጣሽኝ።" ደግነቱ ዘይቱ ስለሚንሳፈፍ ባሌ ቀስ እያለ ከላይ ቀዳላት፤ ሽርጡን በቀበቶ አስሮ።

"ለመሆኑ" አልኩ፣ "እናንተ ምንድነው የሚያማችሁ?"

"እኛን?" አሉ አዴ። "ልጄ፣ እንቅልፍ ነው እኮ! በዚህ ሰዓት ድሬ ላይ ማን ቆሞ ይሄዳል? ይልቅ የታመምሽው አንቺ ነሽ ብለን ነው የምንጨነቀው። እንቅልፍ የላትም፣ ዳቦ ተሸክማ ስትዞር ትውላለች እያልን።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ዳቦ ይዞ የመጣን ሰው ሂድ ይሉታል?" አሉ ጋሼ። "ደግሞ ዳቦሽ ይጣፍጣል። ሰዓቱ ነው የማይጣፍጠው።"

"ሳህኖቼስ?"

አዴ ደረታቸውን ያዙ። "ባዶ ሳህን ለሰው ይመለሳል እንዴ? ነውር አይደለም? እኔ ለአረፋ ሀልዋ ሞልቼ ልመልስልሽ ነበር።" ኢዶም ሳምቡሳ ልትሞላበት እንዳሰበች ማለች። ጋሼ መሬት መሬት አዩ። "እኔ ብቸኛ ሰው ምን ልሙላበት? አልጋ ሥር ደርድሬያቸዋለሁ። ባየኋቸው ቁጥር ይጨንቀኛል። አንቺ ደግሞ በየቀኑ ትጨምሪብኛለሽ!"

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሳህኖቼ መጡ። አረፋ አልተጠበቀም። ሳምቡሳ የሞላበት፣ ሀልዋ የሞላበት፣ ከጋሼ ደግሞ ከጎረቤት ዛፍ የለመኑት ዘይቱን፣ እያንዳንዷ ፍሬ ታጥባና ተወልውላ። አመጡና አልሄዱም፤ ቁጭ አሉ። ያወራሁትን አላስታውሰውም፤ ብዙ እንዳወራሁ ግን በማግስቱ ከጎረነነው ድምፄ አውቄያለሁ። ባሌ በመሀል ተነስቶ ሻንጣዬን ወደ ውስጥ አስገባ። ብርድ ልብሱን የጠፈረበትን ገመድ ግን በዚህ ጊዜ በአንድ ምት ነው የፈታው።

ሰኞ ምሳ በልቼ ብርድ ልብሱን ከዛፏ ሥር፣ ከጋሼ ፍራሽ ትንሽ ራቅ አድርጌ አነጠፍኩት። እውነቴን ነው፣ ለድሬ ምንጣፍ ነው የተሠራው። ጋደም አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ኢዶ ናት። ባሌ ስምንት ሰዓት ላይ ገባ። ዳቦ የለም። ሚስቱ አፏን ከፍታ አፈር ላይ ተዘርራለች። ምሳ ዕቃውን ጥሎ ሮጠ።

"አንቺ! ምን ሆንሽ? የት ጋ ነው የሚያምሽ?"

ከሁለቱም በሮች "ወሪያ! አንተ ልጅ፣ ተዋት!" የሚል ቁጣ ወጣ። ጋሼ ፎጣቸውን ከፊታቸው ሳያነሱ፣ "ታማለች" አሉት። "ግባና ዳቦ ጋግርላት።"