ባለቤት ያጣው ደብተር

ክፍሉ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው፤ ዓይን ያስነባል፣ ጉሮሮ ይይዛል። ጥግ ላይ የተረፉ ጥቂት የዩሪያ ጆንያዎች ተደርድረዋል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ጠዋት ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ይግላል፤ በየመሃሉ ቋ ቋ እያለ ይጮኻል።

ከሚኒባሱ የወረድነው ሴቶች ሦስት ነበርን። ወንዶቹን ወደ ፖሊስ ጣቢያው ወሰዷቸው። ጣቢያው የሴት ክፍል ስለሌለው እኛን እዚህ አስገቡን። አንዷ መነኩሲት ናቸው፤ ከይምርሐነ ክርስቶስ የቀዱትን ጠበል በቢጫ ጄሪካን ይዘው ከተማ ታማ ወደተኛች እህታቸው ይሄዱ ነበር። ሁለተኛዋ አርባዎቹን ያጋመሱ የላስታ ገበሬ ሴት ናቸው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ያስያዘን አንድ ደብተር ነው።

ከላሊበላ የተነሳነው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ኩልመስክን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስለነበር ፍተሻው አዲስ ነገር አልነበረም። ከፊት ወንበር ጀምረው ቦርሳ ሲበረብሩ ሳይ ደብተሬን አወጣሁና ከፊቴ ካለው ወንበር ሥር በእግሬ ገፋሁት። ከድንጋጤ ያደረግኩት ነው፣ አላሰብኩበትም እያልኩ ለብዙ ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ። አስቤበታለሁ።

ደብተሩ የመመረቂያ ጥናቴ ነበር። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሰዎች የሚገጥሟቸውን ችግሮች አጠና ነበር፤ በእጥበቱ መሃል የሚወርድ የደም ግፊት፣ ደሙን ወደ ማሽኑ የሚወስደውና የሚበከለው መስመር፣ በሁለት እጥበት መካከል ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ። የታካሚ ስም ስለማይጻፍ ለእያንዳንዱ መለያ ሰጥቼዋለሁ። ከላስታ የሚመጡት “ላ” የሚል ፊደልና ቁጥር ነበራቸው። ፈቃዴ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ እንድጠይቅ የሚል ነው። እኔ ግን እጥበት ያቋረጡትን ሰዎች ፍለጋ ያለ ፈቃድ እስከ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ደብተሩ የኔ ነው ብል እስሩም አይቀርልኝም፣ ትምህርቴም ይቀራል ብዬ ፈራሁ።

የኬላው ኃላፊ ደብተሩን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ።

“ላ ሰባት። ሦስት ኪሎ ተኩል ትርፍ። ላ ዘጠኝ። መስመሩ ተበክሏል።” ቀና አለ። “ይኼ መስመር ምንድን ነው? ኪሎውስ የምን ኪሎ ነው?”



“የበግ ነጋዴ ደብተር ይሆናላ፣ ልጄ” አሉት መነኩሲቷ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

“ባለቤቱ እስኪታወቅ ሁላችሁም እዚሁ ናችሁ” አለ።

ላ ሰባት እኚሁ የላስታ ገበሬ ሴት ናቸው፤ ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሆስፒታል ውስጥ እትዬ እያልኩ ሁለት ጊዜ አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ስገባም በዓይናቸው ሰላም ብለውኛል። ለወንድማቸው አርባ አገራቸው ሰንብተው ለረቡዕ ጠዋት እጥበት ለመድረስ እየተመለሱ ነበር። ደብተሩ እግራቸው ሥር ሲያልፍ አይተዋል። የማን እንደሆነም ያውቃሉ። ኃላፊው እያንዳንዳችንን ሲጠይቅ ግን “እኔ እንጃ፣ ልጄ” አሉት።

መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ግራ ክንዳቸው ላይ እንደ ገመድ ያበጠ የደም ሥር አለ።

“ምን ነክሶሽ ነው?” አሉ እማሆይ።

“የእጥበቱ በር ነው፣ እማሆይ። እስቲ እጅዎን ያኑሩበት።”

እማሆይ ነካ አደረጉና ፈጥነው አነሱ። “ይንጫጫልሳ። ንብ አግብተሽበታል?”

“ደሙ ነው። የሚያስፈራው ዝም ያለ ቀን ነው።”

“እጥበትሽ መቼ ነው?”

“ነገ ጠዋት።” ወደ እኔ አላዩም። “ነገ ይለቁናል ብዬ ነው።”

እኔ ጆንያው ላይ የተጻፈውን አነብ ነበር። ዩሪያ። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመውም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ስለ እሱ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ።

ረቡዕ ጠዋት አልለቀቁንም። ጠባቂው ዳቦና ሻይ አምጥቶ፣ “ባለቤቱ ተገኘ?” ብሎ ጠይቆ ሄደ። እትዬ ፊታቸው አብጦ ነበር። ጫማቸውን ማሰር አቅቷቸው አውልቀው አስቀመጡት።

እማሆይ ይህን አዩና ጄሪካኑን ከፈቱ። ኩባያ ሙሉ ቀዱ። “እህቴ ድርሻዋን ለታመመ ብታካፍል አይከፋትም። በስመ አብ ብለሽ ጠጭ።”

የእትዬ ሽንት ከቆመ ቆይቷል። የጠጡት ውሃ መውጫው ማሽኑ ብቻ ነው፤ የቀን ልካቸውም ከዚያ ኩባያ ብዙ አይበልጥም። እትዬ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና አንድ ጊዜ ወደ እኔ ቀና አሉ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን “አንቺ በምን አወቅሽ?” መባሌ አይቀርም፤ ከዚያ ወዲያ ደብተሩ ይመጣል። ነጠላዬን አስተካከልኩ። እትዬ ጠጡ። እማሆይ እንደገና ሞሉት። በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ጠጡ፤ ሦስተኛውን እየተነፈሱ፣ እያረፉ።

ደብተሬ ውስጥ በላ ሰባት ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ “የውሃ መመሪያ አይከተሉም” ብዬ የጻፍኩት ከአንድ ወር በፊት ነው። ትርፉ ውሃ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኳቸውም ነበር። የመነኩሲት እጅ የዘረጋውን ጠበል የላስታ ሴት እንዴት ብላ እንደምትመልስ የሚጠይቅ ቦታ የጥናቱ ቅጽ ላይ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጠባቂው እማሆይን ወደ ሽንት ቤት ይዞ ሲወጣ ሁለታችን ቀረን። ተጠጋኋቸው።

“እትዬ፣ ለምን አይናገሩብኝም?”

“ምኑን?”

“ደብተሩን።”

ለመናገር ትንፋሽ መሰብሰብ ነበረባቸው። “ያን ወረቀት ስታነቢልኝ ምን አልሽኝ? ስምዎ ለማንም አይወጣም አላልሽኝም?”

“ብያለሁ።”

“ታዲያ ቃል ለአንድ ወገን ብቻ ነው እንዴ? የኔን ደብቀሽ ያንችን እኔ ላውጣው?” ትንሽ አረፉ። “ደሞ ልጅ ነሽ። ይመቱሽ ይሆናል ብዬ ነው።”

የፈቃደኝነት ቅጹን ለሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ድምፅ በጥድፊያ አነበው ነበር፤ ቶሎ ጣታቸውን እንዲያሳርፉልኝ። የሚያዳምጠኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

“እጥበቱስ?” አልኳቸው።

“እሱማ፣ ያው እንግዲህ። ያቆየኝ ያውቃል።”

ይህን ሰምቼ ወዲያው ተነሳሁ፣ በሩን መታሁ ብል ደስ ይለኛል። አልተነሳሁም። እማሆይ ተመልሰው መጡ፤ እኔም ወደ ቦታዬ ሄድኩ። ማታ ጸሎት ሲያደርሱ አብሬ አሜን አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ መጋደም አልቻሉም። ሲጋደሙ ትንፋሻቸው ይታፈናል፤ ጆንያውን ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነበር ያነጉት። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሲተነፍሱ ከደረታቸው ውሃ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይወጣል። እማሆይ እንደገና ጄሪካኑን አነሱ።

ተነስቼ ኩባያውን ያዝኩባቸው።

“እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ። አይስጧቸው። ውሃው ሳንባቸው እየገባ ነው።”

“ጠበል ሰው ይገድላል ነው የምትይኝ?”

“ጠበሉ አይደለም፣ መጠኑ ነው። ግንባራቸውን ቢያርሱላቸው ይበቃል።”

“አንች በምን አወቅሽ?”

“የማጠናው እሱን ነው። ደብተሩም የኔ ነው።”

ኩባያውን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጡ። አልተቆጡም። “ትናንትናም ታውቂ ነበር” አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ጠበሉ ውስጥ ነክረው የእትዬን ግንባር ማራስ ጀመሩ፤ እኔን መልሰው አላዩኝም።

በሩን በመዳፌ መታሁ። ጠባቂው ኃላፊውን ጠራ። ደብተሩ የኔ መሆኑን፣ ፊደሎቹ በሽተኞች መሆናቸውን፣ ኪሎው ሰውነት ውስጥ የቀረ ውሃ መሆኑን ነገርኩት። 

“በሽተኞች ከሆኑ ስማቸውን ንገሪኝ። ላ ሰባት ማነው?”

“ልነግርዎ አልችልም።”

“አትችይም?”

“ቃል ገብቻለሁ።”

ደብተሩን ዘጋው። ያን ጊዜ ከኋላዬ ጆንያ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እትዬ በእማሆይ ትከሻ ተደግፈው ተነስተው ነበር። የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ።

“የራሴን ስም እኔ ብናገር ችግር የለውም፣ አይደል?” አሉኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት ነገሩት። “ላ ሰባት እኔ ነኝ። ትርፍ ያልከውም የኔው ውሃ ነው። አሁንማ ከዚያም በልጧል።”

እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን አሳዩት። ኃላፊው ክንዱን አየ፤ ፊታቸውንም አየ። ለጠባቂው፣ “ጤና ጣቢያ ሂድና መኪና ካላቸው ጠይቅ” አለው።

እማሆይንና ሌሎቹን መንገደኞች ያን ቀን ለቀቋቸው። እትዬ ዓርብ ጠዋት ማሽኑ ላይ መድረሳቸውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። እኔ የሌሎቹን ስም ስላልሰጠሁ አሥራ ስድስት ቀን ቆየሁ። ስለ እነዚያ ቀናት ብዙ የምለው የለኝም። እነሱን ሳስታውስ ቀና እላለሁ። የማፍረው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ነው።

ስፈታ ወደ እጥበት ክፍሉ ሄድኩ። በመስታወቱ አየኋቸው፤ ክንዳቸው ከማሽኑ ጋር ታስሮ ከጎናቸው ካለች ሴት ጋር እየተሳሳቁ ነበር። ልግባ ብዬ የበሩን እጀታ ይዤ ነበር። ሳልገባ ተመለስኩ። ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ነርሷን አልፎ አልፎ ደውዬ እጠይቃታለሁ፣ እንደጠየቅኩ እንዳትነግራቸውም እለምናታለሁ።

ጥናቱን ጨረስኩ። ያለ ፈቃድ በመሄዴ ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ እንጂ አላባረሩኝም። ቅጹ ላይ “ታካሚው እጥበት የቀረበት ምክንያት” የሚል ጥያቄ አለ። የላ ሰባት ላይ ስደርስ አማካሪዬ ዘንድ ሄጄ ምን ልሙላ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ቅጹን አዩ።

“እስር የሚል አማራጭ የለንም። መንገድ በሚለው አስገቢው።”

“ምክንያቱ እኔ ብሆንስ?”

“አጥኚው ምክንያት ሊሆን አይችልም” አሉ በደግ ድምፅ።

አስገባሁት። ወረቀቱ አሁን ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ነው፤ የፈለገ ሰው ገልጦ ያነበዋል። ላ ሰባት፣ አንድ እጥበት ቀርቶባቸዋል፣ ምክንያት፦ የመንገድ መዘጋት። ያን ሳምንት ግን መንገዱ ክፍት ነበር።