በእንግሊዝኛ ያማሁት ሰው

ባለፈው ሰኞ ሸሕዲ ከተማ፣ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቂጣዬን በሻይ እየነከርኩ ስበላ የልጅ ልጄ ከጓደኛዋ ጋር እንግሊዝኛ ታጠናለች። አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። «ጎረቤትሽ እንዴት ናት?» «ደህና ናት።» «ስለ እሷ የሰማሽው አዲስ ወሬ አለ?» መምህራቸው በጨዋታ ተለማመዱ ብሏቸው ነው። ልጅቱ ዞር ብላ «አባባ፣ እርስዎ ድሮ አስተርጓሚ ነበሩ አሉ። እስቲ ከእኔ ጋር ይጫወቱ» አለችኝ። ረስቼዋለሁ አልኳት። ዋሸኋት። ያንን ጥያቄና መልስ ከአባታችን ሆይ እኩል አውቀዋለሁ።

ጣሊያን መተማን ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እኔ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከአጎቴ ጋር ድንበሩን ተሻግረን በእንግሊዞች በኩል፣ ገላባት፣ ከስደተኛው ጋር ሰፍረን ነበር። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው ሱዳኖቹ ኾር የሚሉት፣ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። እዚህ ቆመህ እዚያ የሚያናፋውን አህያ ትሰማለህ። የምንበላው ኪስራ የሚሉትን ስስ የማሽላ እንጀራ በባሚያ ወጥ ነበር፤ መጀመሪያ አፍንጫችንን ይዘን፣ በኋላ ምነው በበዛ እያልን። ሙቀቱን ለቆላ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እዚያ ኡስታዝ ኢድሪስ የሚባል የመጋዘን ጸሐፊ ነበር። ካርቱም የተማረ፣ ጀለቢያው እንደ ወተት የነጣ ሰው። እንግሊዞቹ አንድ ቀን ጣሊያንን መውጋታቸው አይቀርም፣ ያኔ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ እያለ ሥራው ሲያልቅ በሣር ዳስ ሥር ስምንት ጎረምሶች ያስተምር ነበር። ሰዋስው ሰለቸው መሰለኝ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ «እንግሊዝ ወደ ቁም ነገር የሚገባው ስለ አየሩና ስለ ጎረቤት ካወራ በኋላ ነው። ወሬ የማያውቅ አስተርጓሚ አይቀጥሩም» ብሎ ወሬ ያለማምደን ጀመር።

መጀመሪያ ሳቅን። ሰላምታቸው አንዲት ጥያቄ ናት፤ መልሷም ያችው ጥያቄ ናት፤ አለቀ። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ማሳው አይጠየቅም። ከጥቅምት ወዲህ ጠብታ ባልወረደበት አገር «ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» «አይመስለኝም» እየተባባልን ከሰዓቱን እንፈጅ ነበር። አየሩ ሲያልቅብን ኡስታዝ ጎረቤት ወዳለው ተሻገርን። «ፈጥራችሁ አትናገሩ፤ ለፈጠራ ቃል አይበቃችሁም። ስለምታውቁት ሰው አውሩ» አለን።

ችግሩ ወቅቱ ዓቢይ ጾም መሆኑ ነበር። የስደተኛው ሁሉ የንስሐ አባት የነበሩት አባ ወልደ ሰንበት በጾም ሰው ከማማት ሥጋ መብላት ይቀላል እያሉ ገዝተውናል። ተማሪው ሁሉ ተፈራራ። መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «ሐሜት ሐሜት የሚሆነው በሚገባ ቋንቋ ሲሆን ነው። እኛ የምናወራው ትምህርት ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲያ በአማርኛ ቃል የማይወጣን ጨዋ ጾመኞች በእንግሊዝኛ ስንቱን ቦጨቅነው!

አያሌው ከአጎቴ ጎጆ ቀጥሎ የሚኖር ሰው ነበር። ጣሊያኖች በወታደርነት መልምለውት ሳለ ጠመንጃውን ይዞ የከዳ ነው። ቢይዙት እንደሚሰቅሉት የሰፈሩ ሰው በሙሉ ያውቃል። ሚስቱ ስንዱና ጡት ያልጣለች ልጁ መተማ ቀርተውበታል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጥምጥሙን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ አደም በሚል ስም ማሽላ ከሚጭኑ ሱዳኖች ጋር አህያ እየነዳ ወደ ገበያው ይሻገር ነበር። ስንዱ ልጇን አዝላ ማሽላ የምትገዛ መስላ ትመጣለች። ይሰፍርላታል፣ ልጁን ያያል፣ ይመለሳል። ይኸው ነው።

ተራዬ ደረሰና ተነሣሁ። ከእኔ ጋር የሚለማመደው ዘውዱ ነበር፤ ከመተማ ሸሽቼ መጣሁ ያለ፣ ብዙ የማይናገር ልጅ። «ስለ ጎረቤትህ የሰማኸው ወሬ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። ጎረቤቴ ሁለት ስም አለው። ቅዳሜ ስሙ አደም ነው። ማሽላ ይሸጣል፣ ግን ማሽላ አይወድም። የሚወደው አንዲት ገዢውን ነው፤ ስፍሩን ለእሷ ብቻ ይመርቅላታል። በዚያ የልጅ እንግሊዝኛዬ አንድም ቃል ሳልሳሳት ጨረስኩት። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ኡስታዝ ጠረጴዛውን መታና «ወሬ ማለት ይህ ነው!» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም። ኩራቱ ዛሬም ይሰማኛል፤ የሚያስጠላኝም እሱ ነው።

ቅዳሜ ማታ ሱዳኖቹ ተመለሱ። አህያውን ነድተው አመጡት፤ ሰውየው የለም። ከመካከላቸው ሽማግሌው ለአጎቴ ሲነግረው ሰማሁ።

«ሁለት ወታደሮች መጥተው ‹አደም› ብለው ጠሩት። ‹ነአም› ብሎ በዐረብኛ አቤት አለ። አንደኛው ቀረብ ብሎ ‹አያሌው› አለው። እንዳልሰማ ወደ አህያው ዞረ። ከዚያ ጥምጥሙን ገፈፉት።»

«ሚስቲቱስ?» አለ አጎቴ።

«ስፍሩን ይዛ ቆማ ነበር። እንደማታውቀው ሆነች። ምን ታድርግ?»

ማክሰኞ እዚያው ገበያ ላይ ሰቀሉት። ዘውዱ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ትምህርት አልመጣም፤ መተማ ከጣሊያኖቹ ግቢ ሲወጣ ያዩት አሉ። ኡስታዝ ኢድሪስ ወደ ሰዋስው ተመለሰ። ዓይኔን አያየኝም ነበር፤ እኔም አላየውም።

አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እግዚአብሔር እንግሊዝኛ አያውቅም ብለህ ነው?» አሉኝ።

«የልጅ ነገር ነው አባቴ፣ ማንንም ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም።»

«ስግደቱን እሰጥሃለሁ። ለሚስቱ መንገሩ ግን የእኔ አይደለም፣ ያንተ ነው።»

ስግደቱን ሰገድኩ። እንግሊዞቹም እንደተባለው ጦራቸውን ይዘው መጡ፤ ቀጠሩኝ። የመጀመሪያው መኮንን ያለኝ ነገር ዛሬ ሙቀት ነው የሚል ነበር። የሚገባውን መልስ መለስኩና ወደደኝ። በዚያ አፍ ቤት ሠራሁ፣ ልጆች አሳደግሁ።

አገር ነጻ ሲወጣ ስንዱ ልጇን ይዛ ፈልጋ አገኘችኝ። «ወንድሜ ደሴ፣ ጎረቤቱ ነበርክ። ማን ነው የሸጠው?» አለችኝ። «ዘውዱ ነው» አልኳት። እውነት ነው፤ ዘውዱ ነው። ዘውዱ ከማን እንደሰማ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። አልቅሳ አመሰገነችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሟ ሆንኩ። ልጇን ስትድር ከአባትየው ቦታ ያስቀመጠችኝ እኔን ነው።

ሰው ዕድሜ ያስረሳል ይላል። የአያሌውን ፊት በእርግጥ ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት የክፍሉን ሳቅ ነው። ብዙ ጊዜ ልነግራት ተነሥቼ አውቃለሁ፤ አንዴ ትታመማለች፣ አንዴ እንግዳ ይመጣል፣ አንዴ ደግሞ ምንም ምክንያት የለኝም። ፈሪ ነኝ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላው ማስዋቢያ ነው።

አያሌው የሞተበት ቀን ጾም ላይ ስለሚውል ስንዱ ዝክሩን የምታወጣው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ጠርታኛለች። እንደ ሁልጊዜው ከካህናቱ ጎን ታስቀምጠኛለች፣ ቁራሹን ቆርሳ ታጎርሰኛለች። ከዚያ ቆማ «ስሙን ያወጣች ምላስ ትቆረጥ» ትላለች። ሰው ሁሉ አሜን ይላል። እኔም ጉርሻዬን ውጬ አሜን እላለሁ።