ፈረንጆቹ ሲሄዱ

ቀጨኔ ውስጥ ከእኛ አጥር ቀጥሎ እማማ ወለተማርያም የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ በእሳቸው ማሰሮ ወጡን ይሠራል፤ በእሳቸው እንስራ ውሃውን ይቀዳል፤ እሳቸው ሲያልፉ ግን የልጁን ፊት ይሸፍናል። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባል ነበር። እናቴ ወይዘሮ ታየች ደግሞ በዚህ ነገር የሚደርስባት አልነበረም። እህቴን የሺን ከወለደች ወዲህ እማማ ደጃፋቸው ላይ ከታዩ ከቤት አትወጣም። ወጡን ግን በማሰሯቸው እየሠራች ታበላን ነበር፤ ማሰሮው ዓይን የለው!

በ1974 ዓ.ም. ገደማ የመንግሥት አስጎብኚዎች ቱሪስት ያመጡ ጀመር። ሐሙስ ሐሙስ አንድ አውቶቡስ ከዋናው መንገድ ይቆምና ፈረንጆቹ ዳገቱን እያለከለኩ ወደ እማማ ቤት ይወጣሉ። እማማ ጭቃውን በባዶ እጃቸው ሲያበጁ ያያሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ትንንሽ ጀበና ይገዛሉ።

ሰፈርተኛው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ቀና። ቆይቶ ደግሞ «የእኛ ሸክላ ሠሪ» ማለት ጀመረ። ትናንት እሳቸውን ሲያዩ መንገድ ይለውጡ የነበሩ ሴቶች ሐሙስ ሲሆን ፀጉራቸውን ተሠርተው እማማ ደጅ ይኮለኮላሉ። እናቴም አልቀረችም። እኔ በእሷ አፍር ነበር።

አንድ ሐሙስ አንዲት ጀርመናዊት እማማን ሕፃን እንደታቀፉ ፎቶ ላንሳቸው አለች። አስጎብኚው ጉልላት ዞር ዞር ብሎ አየና፣

«ጓዲት፣ ልጅሽን ስጪያቸው እንጂ!» አላት እናቴን።

እናቴ ነጠላዋን በየሺ ፊት ላይ ሳብ አደረገች። በእንግዳ ፊት እንዴት እምቢ ይባላል? የሺን ከጀርባዋ አውርዳ ዘረጋቻት።

እማማ እጃቸውን ታጥበው በቀሚሳቸው አደረቁ። ልጅ ይወዱ ነበር፤ የራሳቸው ሁለቱም ሞተውባቸዋል። እጃቸው ወደ የሺ ሄደና ሳይደርስ ቆመ።

«ታየች፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ፈረንጆቹ ሲሄዱ አምጪልኝ። ያኔ እታቀፋታለሁ።»

ተመልሰው ሥራቸው ላይ ተቀመጡ። ጀርመናዊቷ ምን እንደተባለ ስላልገባት ጭቃውን ፎቶ አነሳች።

እናቴ በማግስቱ አልወሰደቻትም። በሳምንቱም፣ በወሩም። አንድ ቀን የሺን አጥባ፣ አልብሳ፣ እስከ እማማ በር ሄደችና ተመለሰች። ተናደድኩባት። እማማ ግን አንድም ቀን አልጠየቁም።

የሺ መራመድ ጀመረች። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ቱሪስት በሌለበት፣ በተከፈተው በር ወጥታ እየተንገዳገደች እማማ ዘንድ ሄደች። እናቴ ከደጃችን አየቻት። ልትከተላት ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። እማማም ልጅቷን ሳይነኩ ቀና ብለው እናቴን እያዩ ጠበቁ።

«እትዬ ወለተማርያም፣» አለች እናቴ በመጨረሻ፣ «ጭቃውን እንዳያስነኳት፤ ገና አሁን ነው ያጠብኳት!»

እናቴ ስማቸውን ስትጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።