የገብስ ሌባ

ቀድሞ ያስተማርኳት አንዲት ሴት በቅርቡ የወፎች መጽሐፍ አምጥታ ሰጠችኝ። ደስ ይላታል ብላ ነው፤ አላለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስሟን ስጽፍላት የኖርኩት ወፍ ስሟን ቀይራ አገኘኋት። እኔ ስማር ሴሪነስ ስትሪዮላተስ ነበረች። አሁን ክሪታግራ ስትሪዮላታ ነች አሉ።

የሳይንስ ስም እንደ እኛ ስም ሁለት ነው፤ ግን ተገልብጧል። እኛ የራሳችንን አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን። እነሱ የወገኑን ስም፣ አባት በሉት፣ ያስቀድሙና የራሷን ያስከትላሉ። ወፏ እንግዲህ አባት ለወጠች ማለት ነው። የላቲን ደንብ ሆኖ የራስ ስም በአባት ፆታ ስለሚሄድ፣ የገዛ ስሟ ጅራት እንኳ አልተረፈላትም። ወንድ የነበረው ሴት ሆነ።

ይህም አላናደደኝ። ያናደደኝ ቅንፉ ነው። መጀመሪያ ስም ያወጣላት ሰው ስም ከጎኗ በቅንፍ ተቀምጧል። ወፍ ከመጀመሪያ ወገኗ ወጥታ ወደ ሌላ ከተዛወረች እንዲህ ይደረግላታል። ቅንፉን ያየ ሁሉ ይቺ ድሮ የሌላ ነበረች ብሎ ያውቃል። ለአንዲት ገብስ ለቃሚ ይህን ያህል ሐቀኝነት! የእኔ ዲፕሎማ ላይ ቅንፍ የለም።

ወፏን የማያውቅ የለም። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ቡይት ራስ ሽቅብ በየአጥሩና በየቁጥቋጦው አለች። ቡናማ ናት፤ ደረቷ ላይ ጠቆር ያለ ቀጫጭን መስመር አለባት፤ ከዓይኗ በላይ ነጣ ያለ ቅንድብ። አታምርም። ድምጿም ይሄን ያህል አይደለም። ገብስ ሲያሽት ግን ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት። አባቴ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ሲጠብቃት ይውል ነበር፤ ስሟንም የገብስ ሌባ ይላት ነበር።

አባቴ በንጉሡ ጊዜ ጭቃ ሹም ነበር። ጭቃ ሹም ማለት ለባለ ጉልቱ ግብር የሚሰበስብ፣ ከባለ ጉልቱ የሚሰደብ፣ ከገበሬው የሚረገም ሰው ነው። ሀብቱ ሁለት በሬና አንድ የጠፍር አልጋ ነበር። ደርግ መጣና ሰውን ሁሉ መደበ፤ ድሃ ገበሬ፣ መካከለኛ ገበሬ፣ ሀብታም ገበሬ፣ ፊውዳል። አባቴ ፊውዳል ተባለ። ዳባት ላይ ጥቂት ወራት ታስሮ ሲወጣ፣ ከመሬቱ የቀረለት ድንጋያማው ጥግ ብቻ ነበር። እንጨት ቆርጦ መሸጥ ጀመረ።

እናቴ በዚያው ሰሞን ሞተች። ከመሞቷ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጋለች። ደባርቅ ልብስ ሰፊ የነበረውን ወንድሟን ለምና ልጄ ናት ብሎ እንዲያስመዘግበኝ አድርጋለች። አጎቴ ቀበሌም ትምህርት ቤትም ሄዶ፣ ልጄ ናት ብሎ ፈረመ። የፊውዳል ልጅ መሆኔ ከታወቀ ፈተና የለም፤ አጎቴም በሐሰት ምስክርነት ይታሰራል። አባቴ ይህን ያውቃል። ደባርቅ እንጨት ይዞ ሲመጣ የአጎቴ ደጃፍ ላይ ያራግፋል፣ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ትንሽ ይቆማል፣ እኔን አይቶ ይሄዳል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ የባዮሎጂ መምህራችን ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። የውይይት ክበቡንም የሚመራው እሱ ነው። ሕያዋንን በየወገናቸው መመደብ ሲያስተምር ዓይኑ ይበራል። "ያልተመደበ ነገር ጠላት ነው" ይል ነበር፤ ስለ ነፍሳት ይሁን ስለ ሰው አናውቅም። የፈተናው ቅጽ በሚሞላበት ሳምንት የገብስ ሌባን በሕይወቷ ይዞ ክፍል ገባ። ልጆች በወጥመድ ይዘውለት ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያዛትና ሁለት ጣቱን ከክንፏ ሥር አስገብቶ ደረቷን ጨመቃት። ደም አይወጣም፣ ላባ አይበላሽም፣ ሲል ይገልጽልን ነበር። አፏን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈተች። እሱ በሌላው እጁ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ነበር፤ ስፍኗን፣ መደቧን፣ ቤተሰቧን። ስትሪዮላተስ የሚለው ላይ ሲደርስ አንገቷ ወደቀ። "አሁን ተመደበች" አለና ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

በዚህ መሐል አባቴ በመስኮቱ አለፈ። ለመምህራኑ ሻይ ቤት እንጨት ያመጣ ነበር። መምህሩ አየውና በሩን ከፍቶ ጠራው።

"አንተ ባላገር፣ ና እስቲ ግባ!"

አባቴ በዕድሜ ለመምህሩ አባት የሚሆን ሰው ነው። የጠመጠመውን ከራሱ አውልቆ ገባ። እግሩ ላይ ጭቃ ነበር፤ ሲሚንቶው እንዳይቆሽሽ በጣቱ ጫፍ ነበር የሚራመደው። ይህን ሳይ አፈርኩ። አዘንኩ ብል ውሸት ነው፤ አፈርኩ።

"ይቺን ወፍ ምን ትላታለህ?"

"የገብስ ሌባ ነው የምንላት፣ ጌታዬ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ወደ እኛ ዞሮ፣ ሕዝብ ለነገር ስም የሚያወጣው በሆዱ ነው፣ ሳይንስ ግን በአእምሮ ነው፣ አለን። ጻፉት አለ፤ ጻፍነው። አባቴ አልሰማም ነበር። እኔን ነበር የሚያየው። ዩኒፎርም ለብሼ ደብተር ፊት ተቀምጬ አይቶኝ አያውቅም። ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ማንም ያነበው ነበር፤ መምህሩም አነበበው።

"ማንን ነው የምታየው? ዘመድ አለችህ እዚህ?"

አባቴ ዓይኑን ወደ ወፏ መለሰ። መምህሩ ወደ እኔ መጣ።

"ታውቂዋለሽ?"

"እንጨት የሚሸጥልን ሰውዬ ነው" አልኩ።

እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድብኝም። መካድ ግድ ነበር፤ አባቴ ራሱ ካጂኝ ይለኝ ነበር። አጎቴ አለ፣ ፈተናው አለ። መምህሩም አምኖኝ ወደ ሰሌዳው መመለስ ጀምሮ ነበር። እኔ ግን አልበቃኝም። ክፍሉ ገና እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ወደ እኔ እንዲመጣ አማረኝ።

"እሱም ያመጣው እርጥብ ነው። ጭሶ ጭሶ ሊገድለን ነበር" አልኩ።

ሳቁ መጣ። መምህሩም ሳቀ፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። አባቴ የጠመጠመውን በእጁ ጨብጦ ትንሽ ጎንበስ አለ።

"እውነቷን ነው። እርጥብ ነበር። ደረቅ አመጣለሁ፣ እሜቴ።"

እሜቴ አለኝ። ሌላ ሰው ፊት እንግዳ ሴት እንዲህ ነው የምትጠራው፤ ትክክል ነው ያደረገው። ከዚያ በመጣበት በጣቱ ጫፍ ወጣ።

ከሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአጎቴ ደጃፍ ላይ እንጨት ተከምሮ አገኘሁ። አንድ የአህያ ጭነት ነው፤ ክው ያለ ደረቅ፣ እኩል እኩል የተቆረጠ፣ በልጥ የታሰረ። ዋጋውንም አልጠየቀም፣ ቆሞም አልጠበቀም፣ አለ አጎቴ። ክረምቱን ሙሉ እየቆጠብን አነደድነው፤ ጭስ አልነበረውም። አባቴ ከዚያ በኋላ ደባርቅ አልታየም።

ፈተናውን አለፍኩ። ኮሌጅ ገባሁ፤ ባዮሎጂ ተማርኩ፤ በአጎቴ ስም ተመረቅኩ። እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ ስል ዓመታት ሄዱ። መንገዱ በጦርነቱ ተዘጋ እላለሁ፤ ሲከፈትም ሥራ በዛ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ፊቱን ማየት ፈራሁ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት አስተምርበት ወደነበረው ከተማ የአባቴ መርዶ መጣ፤ የመጣው ለአጎቴ ነው፣ አጎቴ ነው የላከብኝ።

ስደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ዳስ ውስጥ ገባሁና ከሴቶቹ ዳር ተቀመጥኩ። ማንም አላወቀኝም። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ የአባቴ ጎረቤት ናቸው፤ በልጅነቴ ከማሳቸው እሸት ሰርቄ አባረውኛል። እሳቸውም አላወቁኝም።

"ልጅ የላቸውም እንዴ?" አልኩ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ነው። ልጃቸው እኔ ነኝ ለማለት መንገድ እያበጀሁ ነበር።

"አንዲት ነበረችው፣ ልጄ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየጎተቱ። "ደባርቅ ትማር ነበር። በተስቦ ሞተችበት። እርሟን እኮ እዚሁ ነው ያወጣንለት፣ አገር ተሰብስቦ።"

"መቼ?"

"ኧረ ቆየ። አንድ ጭነት ደረቅ እንጨት ለቃቅሞ፣ በተዋሰው አህያ ጭኖ ወደ ደባርቅ ሄደ። ባዶ እጁን ተመለሰና ደጃፌ ላይ ቁጭ አለ። ልጄ ሞታለች፣ እርሜን አውጡልኝ አለ። አስከሬኗስ ብንለው ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። እኛም አለቀስንለት። እሱም ተነስቶ እንዲህ ሲል ገጠመ፦

እርጥብ ነው እንጨቴ፣ ከቶ አያሞቅ ሰው፤
የገዛ አንጀቴን ነው ጭሶ የጨረሰው።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "በተስቦ የሞተች ልጅ ላይ ስለ እንጨት ምን አስለቀሰው? እስከ ዛሬም አልገባኝ።"

አንዳንድ ሰው ሲሰማ፣ አባትሽ ይህን ያደረገው የገበሬ ማኅበሩ ዱካሽን እንዳያገኝ ነው ይለኛል። አስቦልሽ ነው ይለኛል። ይሆናል። ግጥሙን ግን ለማኅበሩ አልገጠመውም።

ክሪታግራ ማለት በግሪክ ገብስ አዳኝ ማለት ነው፤ ይህን ከአዲሱ መጽሐፍ ነው ያነበብኩት። ያን ሁሉ ዘመን ለፍተው አባቴ ያለው ላይ ደረሱ። ያን ቀን ዳሱ ውስጥ ግን ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው እርሜ እንደወጣ፣ ሞቼ እንደተለቀሰልኝ፣ እነዚያ ሁሉ ሴቶች አንድ ጊዜ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ስለ እኔ ደረታቸውን እንደመቱ ነው።

"አንቺስ የማን ነሽ፣ ልጄ?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ከደባርቅ ነኝ" አልኩ። "እንጨት ይሸጡልን ነበር።"

"እግዜር ይስጥሽ፤ ለዚህ ብለሽ ይህን ያህል መንገድ መጣሽ?"

"ደረቅ ነበር" አልኩ። "እንጨታቸው ደረቅ ነበር።"