አሜን ያልኩለት ተሳቢ

ይህ የሆነው ዓምና በሁዳዴ ጾም ነው። ሌላ ሰው ያጠፋው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ረስቼው ነበር። ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ ዓመት ሞልቶትም አልወጣልኝ ብሏል።

የምኖረው ከላሊበላ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ድሮ አስጎብኚ ነበርኩ። እንግዳው ሲጠፋ ወደ አባቴ መሬት ተመለስኩና ከብት ከሚያደልቡ ጎረቤቶቼ ጋር ማኅበር ገባሁ። ማኅበሩ ትራክተር አለው፤ የጎደለው በሬና በግ ገበያ የሚያደርስ ተሳቢ ነበር። ተሳቢ እስክናገኝ ኮን ገበያ ድረስ በእግር ስንነዳቸው፣ ስንት ወር ያደለብነው ሥጋ መንገድ ላይ ቀርቶ ከሲታ ይዘን እንገባ ነበር።

ተሳቢ መርጠን እንድናመጣ ሦስት ሰዎች ተላክን፤ ሊቀ መንበራችን አባ ምስጋናው፣ የትራክተሩ ሾፌርና እኔ። እኔን የመረጡኝ «የተማረ ነው፣ አይታለልም» ብለው ነው።

ወልድያ አንድ ብረታ ብረት ቤት ሁለት ተሳቢዎች ቆመው አገኘን። አንደኛው አነስ ያለ ነው፤ ከብት እንዳያንሸራትት ወለሉ ላይ ቶንዲኖ የሚሉት ዘንግ ብረት አግድም አግድም ተበይዶበታል፣ መሐሉ ላይም በግን ከበሬ የሚለይ በር አለው። ሌላው ሰፊና ረጅም፣ አረንጓዴ የተቀባ ነው። ወለሉ ግን ልሙጥ ላሜራ፣ መሐሉም ባዶ። አባ ምስጋናው ትልቁን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

ባለቤቱ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። «አባቴ፣ ወላሂ ይኸ ለአሸዋ የተሠራ ነው» አሏቸው። «በሬ ልሙጥ ላይ አይቆምም። ይኸንኑ ካላችሁም ሁለት ቀን ስጡኝና ቶንዲኖ ልበይድበት፣ በርም ላብጅለት።»

«ሁለት ቀን ምን ሲደረግ! አገር እየጠበቀን» አሉ አባ ምስጋናው። «ትንሿንማ ይዘን ብንገባ መሳቂያ ነው የምንሆን። ይልቅ ወጥተን እንሞክረው።»

እኔና እሳቸው ላዩ ላይ ወጣን። ሾፌሩ በትራክተሩ የግቢውን ዳገት ሽቅብ ጎተተን፣ መልሶ አወረደን። እኔን ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ፤ የጎኑን ብረት ይዤ ነው የዳንኩት። አባም ብረቱን ጨብጠው ቆመዋል። «አየህ? ንቅንቅ አላልንም!» አሉኝ። በሬ የሚጨብጥበት እጅ እንደሌለው ያኔውኑ ገብቶኛል። ልናገር ስል ግን አባ ወርደው ጋቢያቸውን አስተካከሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«ገበያችንን ያቅናልን፤ ክፉ አያሳየን፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ይከተለን!»

እኛ አገር ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ «ግን» ማለት ነውር ነው፤ ምርቃቱን እንደማፍረስ ይቆጠራል። ሾፌሩ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ይማም ወለሉን አይተው እኔን አዩኝ።

ጎረቤቴ እትየ ጥሩየ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሬ የላትም። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የምርቱ ግማሽም ወደ ሌላ ሰው ጎተራ ይገባል። ስለዚህ ስድስት ሙክት አደለበች። ለፋሲካ ሸጣቸው አንድ በሬ ልትገዛ፣ ወንድሟም ያንን ከራሱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ሊያርስላት ተስማምተዋል።

«እኔስ በእግራቸው ብነዳቸው ይሻለኛል፤ ይኸ ብረት ያስፈራኛል» አለችኝ።

«ጫኛቸው እትየ፤ እኔው መርጬ ያመጣሁት አይደል?» አልኳት። እንዲህ ስላት ወለሉ ትዝ ብሎኛል። ምንም አይሆንም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

በገበያው ዋዜማ የማኅበሩን በሬዎች ከፊት፣ የእትየ ጥሩየን ሙክቶች ከኋላ ጭነን ተነሳን፤ እሷም ትራክተሩ ላይ አብራን ተሳፈረች። ወደ ጋሸና የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር ላሜራው በሽንትና በእበት ርሶ ነበር። አንዱን በሬ አንሸራተተው፤ እሱ የኋላውን ገፋ፤ ከዚያ ሁሉም ተያይዘው በጎቹ ላይ ተከመሩ። ሾፌሩ አቁሞ የኋላውን በር ስንከፍት ከእትየ ጥሩየ ሙክቶች አምስቱ ሞተዋል። ስድስተኛው ወገቡ ተሰብሮ ያቃስታል። አረድነው። ግን በሁዳዴ ማን ሊበላው? አገሩ ሁሉ ጾመኛ ነው፤ በነጻ እንኳን የሚወስድ ጠፋ። ስድስቱንም ገደል ጣልናቸው። እትየ ጥሩየ አላለቀሰችም፤ ገመዶቹን ሰብስባ በእግሯ ተመለሰች።

ማኅበሩ ሲሰበሰብ አባ ምስጋናው «ፈተና ነው፤ በሬዎቹም መኪና አልለመዱ» አሉ። ሁሉም እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔው ግን ነቅዞ ውስጤን በላው። ተሳቢው በኋላ ይማም ዘንድ ተመልሶ ቶንዲኖውም በሩም ተሠራለት። የፈጀው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ክረምት ሲገባ በሬዎቼን ጠምጄ እትየ ጥሩየ ማሳ ሄድኩ። ሳላስፈቅዳት ማረስ ስጀምር መጥታ መረቀችኝ። «አንተ ምን አጠፋህ፤ ፈጣሪ ያመጣው ነው» አለችኝ። ምርቃቷን መሸከም አቃተኝ። በሬዎቹን አቁሜ የወለሉንም የይማምንም ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

«አይተኸው ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ጫኛቸው ስትለኝም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔኮ አላየም ብዬ ነው ይቅር ያልኩህ» አለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ዞረች። «በሬዎችህን ፍታቸው።»

ፈታኋቸው። ዘንድሮም መሬቷን ያረሰው እኩል አራሽ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንዴት አደርክ ትለኛለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን እላታለሁ፤ ከዚያ የሚያልፍ ቃል የለንም። «ባትነግራት ይሻል ነበር» ይለኛል ወንድሜ። እኔ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ዝም ብዬ ያደረስኩባት ይበቃታል።