መርዙ ወጥቷል የተባለለት ኮብራ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከምኖርበት ሰፈር፣ ከሴንት ጄምስ ታውን፣ የወጣሁት እባብ ለማየት ነው። የላኩኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። የኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ፤ ከዚያ በተረፈው ጊዜ የተጣላ ሰው ሁሉ አስታራቂ ናቸው። ሐሙስ ደውለው፣ «ዶክተር፣ የጀመርኩት ሽምግልና ባንተ ላይ ቆሟል፤ እንቢ እንዳትለኝ» አሉኝ። ለሳቸው እንቢ ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬክስዴል የሚባል ሰፈር የሚኖሩት ወይዘሮ ራህማ ቤዝመንታቸውን፣ ማለትም ምድር ቤታቸውን፣ ሚኪያስ ለሚባል ወጣት አከራይተዋል። ሚኪያስ ኮብራ ያሳድጋል። ሴትዮዋ ይህን ያወቁት በቅርቡ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ስላለቻቸውም ከነእባብህ ውጣልኝ ብለውታል። ሚኪያስ ደግሞ የእባቡ መርዝ በቀዶ ጥገና ወጥቷል ይላል። ጋሽ ተሰማ ሁለቱን አስቀምጠው እንደ ልማዳቸው መሀል መንገድ ፈለጉላቸው፤ ሐኪም ይየው፣ መርዙ ከወጣ ይቆይ፣ ካልወጣም ይውጣለትና ይቆይ።

እኔ አገር ቤት የእንስሳት ሐኪም ነበርኩ። እዚህ የፈቃድ ፈተናውን ገና ስላልጨረስኩ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ። ሰዉ ግን ዶክተር ይለኛል፤ ደስ ስለሚለኝ አርሜ አላውቅም። ከቤት ስወጣ የድሮ መቀሶቼንና ምላጮቼን የያዘችውን ቦርሳ ይዣለሁ። ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ምላጭ ምን ያደርግለታል?

ሦስት ሰዓት

ከሼርቦርን ጣቢያ በባቡር እስከ ኪፕሊንግ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን። ሦስት ዶላር ከሠላሳ ሳንቲም አንዴ በካርድ ከተከፈለ ለሁለቱም ይበቃል። የመጋቢት በረዶ መንገድ ዳር ጠቁሮ ተቆልሏል። ሬክስዴል ሲቃረብ አውሮፕላኖቹ ከጣራ በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ ከፎቆቹ ቀጥሎ መጋዘን፣ ከመጋዘኑ ቀጥሎ የጎማ መሸጫ ነው። መንገዱን ሙሉ በአእምሮዬ የእባብ ጭንቅላት ስቀድ ነበር። መርዝ ማመንጫው ከዓይን ኋላ በግራና በቀኝ ነው የሚገኘው። እጄ ሥራ ከናፈቀ ቆይቷል።

ወይዘሮ ራህማ የወሎ ሴት ናቸው። ለኔና ቀድመውኝ ለደረሱት ለጋሽ ተሰማ ሳምቡሳና ሻይ አቅርበው ራሳቸው ሳይቀምሱ ተቀመጡ። «ልብስ ለማጠብ ወደ ታች ስወርድ ልጄ ትከተለኛለች» አሉኝ። «በሩን ከፍታ ብትገባስ? እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ዶክተር።»

ሚኪያስ ከታች ጠበቀን። በትምህርት ብቻውን የመጣ፣ ትሑት ልጅ ነው። «እትዬ ራህማ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖባቸው ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ሰርጀሪ ተደርጎለታል፣ ሴፍ ነው። ፔፐሩ ይኸው። ሁለት ዓመት በባዶ እጄ ነው የማነሳው።»

ወረቀቱ ላይ የሠራው ሰው ስም የለም። ሁለቱም ማመንጫዎች ወጥተዋል ብቻ ይላል።

እባቡ በመስታወት ሣጥን ውስጥ መብራት ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ወደ መስታወቱ ቀርቤ ሳየው የግራ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ የቀኙ ግን ሙሉ ነው። የሥጋ ቤት ሥራ ነው ብዬ የቀደደውን ሰው በሆዴ ሰደብኩ። ይህን ጊዜ ጋሽ ተሰማ ፎቶ ለማንሳት ስልካቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። እባቡ ቀና ብሎ አንገቱን ዘረጋና መስታወቱን መታው። ሁላችንም ወደኋላ ዘለልን። በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ አንዲት ቢጫ ጠብታ ቀስ ብላ ትወርድ ነበር።

«ያ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«መርዝ ነው፣ ጋሼ። የግራው ማመንጫ ወጥቷል፤ የቀኙ ግን አለ።»

ሚኪያስ የራሱን እጆች ገልብጦ አያቸው። አሳዘነኝ። ጋሽ ተሰማ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ካሉ በኋላ ቶሎ ወደ ፍርዳቸው ተመለሱ። «እንግዲህ አንዱ ወጥቷል፣ አንዱ ቀርቷል። የቀረውን አንተ አውጣለትና ልጁም ቤቱን አይጣ፣ እሷም ትረፍ።»

«ፕሊስ፣ ዶክ» አለ ሚኪያስ። «ከሥራ ስገባ ቤት ውስጥ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

እችላለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ምላጩ ጀርባዬ ላይ ባዘልኳት ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ሽማግሌ ለምኖኛል፣ ልጁ አሳዝኖኛል። ግን ማደንዘዣ የለኝም፣ ፈቃድ የለኝም፤ እባቡም አልታመመም። የታመመ እንስሳ የሚቀደደው ለራሱ ነው፤ ይህ የሚቀደደው እኛ ደፍረን እንድንነካው ነው። ደግሞ ነገ መርዙ ወጥቷል የሚል ሌላ ወረቀት በኔ እጅ ሊጻፍ ነው፤ እሱን አምኖ እጁን የሚያስገባ ሌላ ሰው ይመጣል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላደርገውም» አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። በሰው ፊት እንቢ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነው።

የደገፉኝ ወይዘሮ ራህማ ናቸው። «ጋሽ ተሰማ፣ ያኔም እሺ ያልኩት እርስዎን አክብሬ ነው። እኔ ግማሽ አልጠየቅኩም። ልጁ ይኑር፤ እባቡ ዛሬ ይሂድ።»

ሚኪያስ ስልኩን አውጥቶ ባለቤቶቻቸው የተዋቸው እባቦችና እንሽላሊቶች የሚጠለሉበት ቦታ ደወለ። መርዛም እባብ በቤት ማኖር በከተማው ክልክል እንደሆነ ያውቅ ኖሯል። ወረቀቱ ያንንም የሚሽርለት መስሎት ነበር።

ስድስት ሰዓት

እባቡን ራሱ ሚኪያስ በረጅም መንጠቆ እየመራ በሁለት ቁልፍ በሚዘጋ ሣጥን ውስጥ አስገባው። በጋሽ ተሰማ ታክሲ ማሞቂያውን ከፍተን ከከተማው በስተምሥራቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጓዝን። ፎቆቹ አልቀው የታጨደ የበቆሎ ማሳ ጀመረ።

መጠለያው በፊት የወተት ላሞች በረት የነበረ ነው። የተቀበለችን ሐኪም ሽበታም ሴት ናት። እንዳይነድፍ የእባቡን ጭንቅላት ውስጡን በሚያሳይ ቱቦ ውስጥ አስገብታ፣ የእንስሳት ሐኪም መሆኔን ስትሰማ ቅረብ አለችኝ። «የቀኙ ማመንጫ ያኔ ተርፎ ይሁን ተመልሶ በቅሎ ሳይመረመር አላውቅም» አለች። ከዚያ የግራውን ጠባሳ በብርሃን አሳየችኝ።

ጠባሳው ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው። የስፌቱ ምልክት እኩል እኩል ተራርቋል። እኔ ራሴ ብሰፋው ከዚያ የተሻለ አልሰፋም።

«ይህን የሠራው የሚያውቅ ሰው ነው» አለች።

ጠዋት ሥጋ ቤት ብዬ የሰደብኩት ሰው እንደኔ የተማረ ነበር። ንጹሕ እጁ እባቡን ጎዳው እንጂ ማንንም ከመርዝ አላዳነም። ሐኪሟ ሣጥኑ ላይ በትልቁ «መርዛም» ብላ ጻፈችበት። ሚኪያስ እስክትጨርስ ቆሞ አነበበ።

አሥራ አንድ ሰዓት

ጋሽ ተሰማ እስከ ሕንጻዬ በር አደረሱኝ። ሞተሩን ሳያጠፉ፣ «እኔ የቤቱን ሰላም ብቻ ነበር ያየሁት» አሉ፤ ቅያሜያቸው ግን ገና አልወጣም። እኔም እንቢ ያልኩት ከጥንካሬ እንዳልነበር አልነገርኳቸውም። ያን ጠባሳ ጠዋት ባየው ኖሮ፣ ይኼን ያህልማ እኔም አያቅተኝም ብዬ ምላጩን እመዝ እንደነበር እፈራለሁ።

ባለቤቴ ሰብለ እራት እያቀረበች እባቡን ምን እንዳደረግሁት ጠየቀችኝ። አልነካሁትም አልኳት። ጥሩ አደረግህ ብላ እጄን ልትይዝ ስትል፣ ልቀደው ፈልጌ እንደነበርም ነገርኳት።