ያልሄድኩበት ክርስትና

ትናንት የባለቤቴ እህት ልጅ የኔነሽ ከሉማሜ ደወለች። ለማርያም ዝክር ልትመጣ ነበር። «አክስቴ፣ ልጄ ዓይኑ ቀልቷል፤ ያስለዋልም። ሽፍታ የለበትም፤ ግን ልቤ ፈራ። ብቀር እንዳትቀየሚኝ» አለች። አልቀየምም አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና የዳቦውን ሊጥ ከደንኩ።

የኔነሽ ራሷ ክርስትና የተነሳችው በጥቅምት ነበር። ጭቃው ደርቋል፤ መንገዱ የታጨደ ገብስ ይሸታል። ያኔ የምንኖረው ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብሎ ነው። ክርስትና እናቷ እንድሆን የታሰብኩት እኔ ነበርኩ። ማተቧንም ራሴ ገምጄ አዘጋጅቻለሁ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ትንሹ ልጄ ይበልጣል በትኩሳት ነደደ። አፍንጫው ይፈስሳል፤ ያስለዋል፤ ዓይኑ በርበሬ የገባበት ይመስላል። ኩፍኝ ማዶ ካለው መንደር ገብቶ ነበር። ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዲህ ብላናለች፦ «ሽፍታውን አትጠብቁ፤ ሳይወጣም ይተላለፋል። ጨቅላ ካለበት ቤት አትድረሱ።»

ባለቤቴ «የጥቅምት ብርድ ነው እንጂ! ደግሞስ ክርስትና እናት ትቀራለች?» አለኝ። እሱን ኩፍኝ በልጅነቱ ይዞታል፤ እኔን ግን ይያዘኝ አይያዘኝ፣ እናቴ ቀድማ ስለሞተች የሚነግረኝ የለም። ማተቡን አስይዤ ላክሁትና በሩን ዘጋሁ። በእኔ ቦታ ሌላ ሴት ቆመች።

ልጃቸውን አዝለው ለጥየቃ የመጡትን ጎረቤቶች ከአጥር መለስኳቸው። አንዷ «ደጅሽ ቤተ መንግሥት ሆነ!» ብላኝ ሄደች። ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ብቻ ገፍተው ገቡ። «እኔን ኩፍኝ በልጅነቴ ጠይቆኛል፤ ደግሞ አይመጣም፤ አርጅታለች ብሎ ንቆኛል» አሉና አጥሚት በማንኪያ ሲያጠጡት ዋሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ የየኔነሽ እናት አለምነሽ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ከአጥሩ ማዶ ሆና «ምን በደልኩሽ? ልጄን ናቅሻት!» ብላ ጮኸች። በዚያ ጠዋት ሽፍታው ከጆሮው ጀርባ ተነስቶ ፊቱን ሸፍኖት ነበር። ልጄን አቅፌ በራፉ ላይ ቆምኩና ከሩቅ አሳየኋት። አየችው። ነጠላዋን በጀርባዋ ባለችው ልጅ ላይ ደረበች፤ ከዚያ ፊቷን ሳታዞር ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች ሄደች። ደስም አላለኝ፤ አላለቀስኩምም። ውስጤ ደንዝዞ ነበር።

የኔነሽን ኩፍኝ አልነካትም። ነርሷ እቤት ድረስ እየመጣች ይበልጣልን አከመችው፤ ዳነ። የግራ ዓይኑ ግን አልበራለትም። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ተመስገን አልኩ።

ዛሬ ከዝክሩ ዳቦ የየኔነሽን ድርሻ ቆርሼ በጨርቅ ጠቀለልኩ። «ሉማሜ ወስጄ አጥሯ ላይ አስቀምጬላት ልመለስ?» አለኝ ይበልጣል።

«አንተማ ግባ፤ አንተን ኩፍኝ ጠይቆሃል። ልጁን ዛሬውኑ ለነርስ ታሳየው በላት።»

ሳቀ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ በደህናው ዓይኑ መንገዱን እያየ ወጣ።

የኔነሽ ያን ጊዜ አታስታውሰውም፤ እናቷም ከእኔ ጋር አንስታው አታውቅም። ዛሬ ግን ልጅቷ ራሷ፣ እኔ ያኔ እንደቀረሁት፣ ሳትመጣ ቀረች። ተመስገን።